ለቤት ሶላር ምትክ ባትሪ አመራረጥ፦ ለጨፋ ሮቢትና ለአካባቢዋ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ መረጃ

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የሚጠቀሙበት የቤት ሶላር በዋናነት ከፓኔል፣ ከቻርጅ መቆጣጠሪያና ከባትሪ የተዋቀረ ነው። ከሦስቱ ፈጥኖ የሚያረጀው ባትሪው ነው። ጥራት ያለው ፓኔል ከ20 ዓመት በላይ ሲያገለግል፣ በአግባቡ የተያዘ የሊድ አሲድ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። በመሆኑም የሶላር ተጠቃሚ የሆነ ቤተሰብ በአንድ ፓኔል ዕድሜ ውስጥ ባትሪ ደጋግሞ መተካቱ የማይቀር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከዋናው መስመር ውጪ የሚቀርበውን ኃይል የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት አንድ አካል አድርጎ የያዘ ሲሆን፣ 65 በመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጪ ባሉ አማራጮች እንዲገለገል አቅዶ የተነሳ ነው። የዚህ አገልግሎት ዘላቂነት ፓኔሉ በተሰቀለበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ባትሪ ሲደክም ይፈተናል። ከማሽላ ወይም ከማሾ ሽያጭ በተጠራቀመ ገንዘብ የተገዛ ምትክ ባትሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሞተ ቤተሰቡ ገንዘቡን ያጣል፤ ቤቱም ወደ ኩራዝ ይመለሳል።

የዚህ መረጃ ዋና ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፦ ምትክ ባትሪ የሚመረጠው በላዩ በተጻፈው ቁጥር ትልቅነት ወይም በዋጋው ዝቅተኛነት ሳይሆን፣ ከቤቱ ዕለታዊ ፍጆታ፣ ከተሰቀለው ፓኔልና ካለው ቻርጅ መቆጣጠሪያ ጋር ባለው መመጣጠን ነው።

1. ባትሪው በእርግጥ መቀየር ያለበት መሆኑን ማረጋገጥ

መብራት ቶሎ በጠፋ ቁጥር ጥፋቱ የባትሪው ነው ማለት አይደለም። ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት የሚከተሉትን መመርመር ያስፈልጋል።

• የፓኔሉ ንጽሕና፦ በበጋ ወራት በፓኔሉ ላይ የሚተኛ አቧራና የወፍ ኩስ የሚመረተውን ኃይል በእጅጉ ይቀንሳል። ፓኔሉ ጠዋት ገና ሳይሞቅ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ መታጠብ አለበት።

• ጥላ፦ ፓኔሉ በተሰቀለበት ጊዜ ትንሽ የነበረ ዛፍ ከዓመታት በኋላ ጥላውን ሊያጠላበት ይችላል። ከፓኔሉ ጥቂት ክፍል ላይ ብቻ የሚያርፍ ጥላ እንኳ የምርቱን ከፍተኛ ድርሻ ሊያሳጣ ይችላል።

• ማገናኛዎች፦ በባትሪው ራሶች ላይ የሚታይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት፣ የላላ ብሎን፣ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም አይጥ የቆረጠው ሽቦ ካለ አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

• የባትሪ ውሃ፦ መክፈቻ ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ የፈሳሹ መጠን መታየት አለበት። የጎደለው የሚሞላው በተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ወይም የወንዝ ውሃ መጨመር ባትሪውን ያበላሻል። አሲድ መጨመርም ክልክል ነው።

እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ ችግሩ ከቀጠለ በቴስተር መለካት ይቻላል። በቀትር ፀሐይ ከመቆጣጠሪያው የተነቀለ ባለ 12 ቮልት ፓኔል ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 ቮልት ያሳያል። ፓኔሉ ተገናኝቶ ፀሐይ በደንብ ሲወጣ የባትሪው ቮልቴጅ ቀስ በቀስ ወደ 14 ቮልት አካባቢ መውጣት ይኖርበታል። ፓኔሉ ደህና ሆኖ ይህ ካልታየ ችግሩ በመቆጣጠሪያው ወይም በሽቦው ላይ ሊሆን ይችላል።

ባትሪው ራሱ የሚፈተሸው ቀኑን ሙሉ ተሞልቶ፣ ከዚያም ከፓኔሉም ከመብራቱም ተለይቶ ቢያንስ ለ3 ሰዓት ካረፈ በኋላ ነው። ባለ 12 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.7 ቮልት ገደማ፣ ግማሽ ሲደርስ 12.2 ቮልት ገደማ፣ ባዶ ሊሆን ሲል 11.9 ቮልትና ከዚያ በታች ያሳያል። ሙሉ ቀን ተሞልቶ 12.4 ቮልት መድረስ ያቃተው፣ ወይም 12.7 አሳይቶ ጥቂት አምፖሎች ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ ሳይበሩ ከ12 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ አቅሙን አጥቷል፤ መተካት አለበት። ጎኑ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም አሲድ የሚያንጠባጥብ ባትሪ ያለ ምንም ልኬት ወዲያውኑ ከአገልግሎት መውጣት ይኖርበታል።

2. የቤቱን ዕለታዊ ፍጆታ ማስላት

የባትሪውን መጠን የሚወስነው ቤቱ በአንድ ቀን የሚጠቀመው ኃይል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የእያንዳንዱ ዕቃ ዋት አገልግሎት በሚሰጥበት ሰዓት ይባዛል፤ ውጤቱ ዋት-ሰዓት ይባላል። ለምሳሌ አንድ ቤት፦

• አራት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሲያበራ፦ 4 × 5 × 4 = 80 ዋት-ሰዓት
• ሁለት ዘመናዊ ስልኮች ሲሞላ፦ 2 × 15 = 30 ዋት-ሰዓት
• ባለ 5 ዋት ሬዲዮ ለ4 ሰዓት ሲከፍት፦ 5 × 4 = 20 ዋት-ሰዓት

ድምር፦ 130 ዋት-ሰዓት በቀን።

በዓመቱ ውስጥ ፍጆታ የሚጨምርባቸው ወቅቶችም መታሰብ አለባቸው። በረመዳን ወር ለሱሑር ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ሁለት አምፖሎች ለ2 ሰዓት የሚበሩ ከሆነ 20 ዋት-ሰዓት ይጨመራል፤ ድምሩም 150 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ይህ ጭማሪ የሚያርፈው ባትሪው ሌሊቱን ሲሠራ ቆይቶ ዝቅ ባለበት፣ ፀሐይም ገና ባልወጣችበት ሰዓት በመሆኑ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ደመና በሚበዛበት ጊዜ ቤቱ እንዳይጨልም ባትሪው ቢያንስ የሁለት ቀን ፍጆታ እንዲይዝ ማድረግ ይመከራል። በምሳሌው ቤት 130 × 2 = 260 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ይህ ባትሪው ሳይጎዳ ሊሰጥ የሚገባው ኃይል ነው፤ በባትሪው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ከዚህ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ምክንያቱ ቀጥሎ ተብራርቷል።

3. የባትሪ ዓይነቶችና ልዩነታቸው

በባትሪ ላይ የሚጻፈው አምፒር-ሰዓት በቮልቱ ሲባዛ ጠቅላላ ዋት-ሰዓቱን ይሰጣል። ይሁን እንጂ ከጠቅላላው ምን ያህሉን ያለ ጉዳት መጠቀም እንደሚቻል ከዓይነት ዓይነት ይለያያል።

የመኪና፣ የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ባትሪ፦ ይህ ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት፣ ማለትም ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው ተመልሶ ለመሞላት ነው። በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ስስ በመሆናቸው በየሌሊቱ ወደ ታች ሲወርድ ፈጥኖ ይሞታል። በገበያ በቀላሉ የሚገኝና ሲገዛ ርካሽ መስሎ የሚታይ ቢሆንም ለቤት ሶላር አይመከርም። አዲስ ቢሆን እንኳ በወራት ጊዜ ውስጥ አቅሙን ሊያጣ ይችላል፤ ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል።

ክፍት የሶላር ሊድ አሲድ ባትሪ፦ ሰሌዳዎቹ ወፍራም በመሆናቸው በየቀኑ መውጣትና መሞላትን ይቋቋማል። ሆኖም የባትሪ ውሃ በየጊዜው መጨመር ይፈልጋል፤ በሚሞላበት ጊዜም ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል።

ጄል ወይም የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ፦ በተለምዶ ደረቅ ባትሪ የሚባለው ነው። ውሃ መጨመር አያስፈልገውም። ከመጠን በላይ መሞላትን ግን አይችልም። የሊድ አሲድ ባትሪዎች ሁሉ ከአቅማቸው ግማሽ፣ ማለትም 50 በመቶ ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል ዕድሜያቸው ይረዝማል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፦ በገበያ ሊቲየም እየተባለ የሚሸጠውና ለቤት ሶላር ተስማሚ የሆነው ይህ ዓይነት ነው። ከአቅሙ 80 በመቶ ያህሉን ያለ ጉዳት መጠቀም ይቻላል። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሳይሞላ መሰንበትንም ከሊድ አሲድ በተሻለ ይቋቋማል። በውስጡ የራሱ የመቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ሊኖረው የግድ ነው። ዋጋው ሲገዛ ከፍ ይላል።

ከላይ ለተጠቀሰው ቤት 260 ዋት-ሰዓት ለማግኘት የሚያስፈልገው ባትሪ እንደሚከተለው ይሰላል።

• በጄል፦ 260 ÷ 0.5 = 520 ዋት-ሰዓት፤ 520 ÷ 12 = 43 አምፒር-ሰዓት ገደማ። የሚመረጠው 12 ቮልት፣ 50 አምፒር-ሰዓት ነው።
• በሊቲየም፦ 260 ÷ 0.8 = 325 ዋት-ሰዓት፤ 325 ÷ 12.8 = 25 አምፒር-ሰዓት ገደማ። የሚመረጠው 12.8 ቮልት፣ 30 አምፒር-ሰዓት ነው።

ስለዚህ 30 አምፒር-ሰዓት የሆነ ሊቲየም 50 አምፒር-ሰዓት ከሆነ ጄል ጋር የሚመጣጠን ኃይል ይሰጣል፤ ሁለቱም የረመዳኑን ተጨማሪ ፍጆታ ይሸከማሉ።

ዋጋን በትክክል ለማወዳደር ባትሪው በዕድሜው ሙሉ የሚሰጠውን ኃይል ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ መውጣትና መሞላት አንድ ዙር ይባላል፤ የዙሩ ብዛት በአምራቹ መግለጫ ላይ ይገኛል። ለምሳሌ ጄሉ በ50 በመቶ አጠቃቀም 800 ዙር ቢኖረው 300 × 800 = 240,000 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ሊቲየሙ በ80 በመቶ አጠቃቀም 2,000 ዙር ቢኖረው 307 × 2,000 = 614,000 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። በዚህ ምሳሌ ሊቲየሙ የጄሉን ሁለት እጥፍ ዋጋ ቢያወጣ እንኳ በጊዜ ሂደት ርካሽ የሚሆነው እርሱ ነው። በአንጻሩ ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ካልቻለ ጥራት ያለውና በልኩ የተመረጠ ጄል ተገቢ ምርጫ ነው።

4. ከፓኔሉና ከመቆጣጠሪያው ጋር ማጣጣም

ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት ትልቅ ባትሪ ገዝቶ ከትንሽ ፓኔል ጋር ማገናኘት ነው። ባትሪ ኃይል ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም። ሊድ አሲድ ባትሪ ለሳምንታት ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ከቆየ በሰሌዳዎቹ ላይ ጠጣር ነገር ይጋገርበታል፤ አቅሙም ሳይመለስ ይቀንሳል።

በምሳሌው ቤት ባለ 50 ዋት ፓኔል ቢኖር፣ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አግኝቶ 25 በመቶ ያህሉ በሙቀት፣ በሽቦና በባትሪው ውስጥ ቢባክን 50 × 5 × 0.75 = 187 ዋት-ሰዓት ያስገባል። ከዚህ ላይ 130 ለዕለቱ ፍጆታ ሲውል 57 ብቻ ይተርፋል። ሁለት ፀሐይ አልባ ቀናት ባትሪውን በ260 ዋት-ሰዓት ካወረዱት፣ ተመልሶ እስኪሞላ 5 ቀን ያህል ይወስዳል። ፓኔሉ ባለ 100 ዋት ቢሆን ግን በቀን 245 ዋት-ሰዓት ስለሚተርፍ ባትሪው ከአንድ ቀን እምብዛም ባልበለጠ ጊዜ ይሞላል። ከዚህ በመነሳት የሚከተለው ይመከራል።

• ለሊድ አሲድ ባትሪ የፓኔሉ አምፒር ከባትሪው አምፒር-ሰዓት 10 በመቶ ያላነሰ ቢሆን ይመረጣል። 50 አምፒር-ሰዓት ለሆነ ባትሪ 5 አምፒር ገደማ፣ ማለትም ከ80 እስከ 100 ዋት ፓኔል ያስፈልጋል።
• ፓኔሉ ባለ 50 ዋት ብቻ ከሆነና ሌላ ፓኔል መጨመር ካልተቻለ፣ ሳይሞላ መሰንበትን የሚቋቋመው ሊቲየም ይበልጥ ይስማማል።
• ቴሌቪዥን ለመጨመር የሚታሰብ ከሆነ ባትሪውም ፓኔሉም አብረው መታየት አለባቸው። ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 60 ዋት-ሰዓት ስለሚወስድ የምሳሌውን ቤት ፍጆታ ወደ 190 ያደርሰዋል። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ቴሌቪዥን ከተመረጠ በኢንቨርተር የሚባክነው ኃይል ይቀራል።

መቆጣጠሪያውን በተመለከተ፣ የሚሞላበት ቮልቴጅ ከአዲሱ ባትሪ ዓይነት ጋር መስማማት ይኖርበታል። ክፍት ሊድ አሲድ ከ14.4 እስከ 14.8 ቮልት፣ ጄል ከ14.1 እስከ 14.4 ቮልት፣ ባለ 12.8 ቮልት ሊቲየም ደግሞ ከ14.2 እስከ 14.6 ቮልት ይፈልጋል። በባትሪው ላይ የተጻፈው ከዚህ የተለየ ከሆነ የአምራቹ መመሪያ ይበልጣል። አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች ለክፍት ባትሪ ሲስተካከሉ በየጊዜው ከ15 ቮልት በላይ ከፍ ብለው ይሞላሉ፤ ይህ ጄልንና ሊቲየምን ይጎዳል። ስለሆነም የባትሪው ዓይነት ሲቀየር የመቆጣጠሪያው ማስተካከያም አብሮ መቀየር አለበት፤ ማስተካከያ ከሌለው መቆጣጠሪያውን ራሱን መተካት ያስፈልጋል።

መብራት የሚያቋርጥበት ቮልቴጅም ሊታይ ይገባል። ብዙ ርካሽ መቆጣጠሪያዎች መብራት የሚያቋርጡት ባትሪው 11 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ነው። ለሊድ አሲድ ይህ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ማስተካከል ከተቻለ ወደ 11.5 ቮልትና ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ የባትሪውን ዕድሜ ያራዝማል።

በአንድ ሳጥን ተሟልተው የሚሸጡ አነስተኛ የሶላር መብራቶች በውስጣቸው 3.2 ወይም 6.4 ቮልት የሆነ ባትሪ ሊኖራቸው ይችላል። እንዲህ ላሉት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ማገናኘት መሣሪያውን ያቃጥላል። ምትካቸው ከአምራቹ ወኪል ወይም ተመሳሳይ ቮልትና ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ከሚችል ባለሙያ መገኘት ይኖርበታል።

5. የጨፋ ሙቀትና የክረምት ደመና

ቦርከና ወንዝ የሚያቋርጠው የጨፋ ሜዳ ከዙሪያው ደጋ ይልቅ ሞቃታማ ነው። ሙቀት ደግሞ የሊድ አሲድ ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። በአጠቃላይ የባትሪው ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ 4 ዓመት የሚያገለግል ባትሪ ዘወትር በ35 ዲግሪ ቢቀመጥ 2 ዓመት ያህል ብቻ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ቆጥ ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ አጠገብ ወይም ከምድጃ አቅራቢያ መቀመጥ የለበትም። ተስማሚው ቦታ ከመሬት ጥቂት ከፍ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ በጭቃ ግድግዳ ጥላ በኩል፣ አየር በሚገባበት ስፍራ ነው።

ሌላው ፈተና ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ስለሚበዛ የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ይቀንሳል። በምሳሌው ቤት ባለ 50 ዋት ፓኔል 3 ሰዓት ብቻ ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 50 × 3 × 0.75 = 112 ዋት-ሰዓት ያስገባል፤ ይህም ከ130 በታች ነው። ጉድለቱ በየቀኑ እየተጠራቀመ ባትሪውን ወደ ታች ይወስደዋል። ብዙ ባትሪዎች ክረምት ሲወጣ ሞተው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በእነዚህ ወራት አንድ አምፖል መቀነስ ወይም ስልክ ፀሐይ ባለበት በቀትር መሙላት አዲሱን ባትሪ ያድናል።

6. በግዢ ጊዜ የሚታዩ ነጥቦች

• የተጻፈው መረጃ፦ ዓይነቱ፣ ቮልቱ፣ አምፒር-ሰዓቱ፣ የአምራቹ ስምና የተመረተበት ጊዜ በግልጽ መጻፍ አለበት። ሳይሞላ ከ6 ወር በላይ በመደብር የቆየ ሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው መቀነስ ጀምሯል።

• ክብደት፦ የሊድ አሲድ ባትሪ ክብደት በውስጡ ያለውን እርሳስ ያሳያል። በግምት ለአንድ አምፒር-ሰዓት 0.3 ኪሎ ይታሰባል፤ 50 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባለ 12 ቮልት ጄል 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 50 ተብሎ ተጽፎበት 8 ወይም 9 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ የተጻፈበት አቅም የለውም። በገበያ ሚዛን ማስመዘን ቀላል መከላከያ ነው።

• ቮልቴጅ፦ አዲስ ሊድ አሲድ ባትሪ በመደብሩ ውስጥ ሲለካ ከ12.5 ቮልት በታች መሆን የለበትም።

• የጥራት ማረጋገጫ፦ በሳጥን ተሟልተው ለሚሸጡ የሶላር ዕቃዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቀው ማረጋገጫ ቀድሞ ላይቲንግ ግሎባል፣ አሁን ቬራሶል በሚባለው ፕሮግራም የሚሰጠው ነው። ለብቻው የሚሸጥ ባትሪ ግን በዚህ ማረጋገጫ ስም ሲሸጥ ተጠቃሚው ሊጠነቀቅ ይገባል።

• ደረሰኝና ዋስትና፦ የባትሪው ዓይነት፣ መጠን፣ መለያ ቁጥርና የዋስትና ጊዜ የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። በቃል የተሰጠ ዋስትና ኋላ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

• አሮጌና አዲስ አለመቀላቀል፦ ሁለት ባትሪ በአንድነት የሚሠሩ ከሆነ ዓይነታቸው፣ መጠናቸውና ዕድሜያቸው አንድ መሆን አለበት። አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።

የመብራት መስመር ወደ ቀበሌው በቅርቡ እንደሚዘረጋ የሚነገር ከሆነ፣ ከፍተኛ ወጪ ከማውጣት በፊት በአቅራቢያ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ማጣራት ይጠቅማል።

7. ባትሪውን መቀየር

ሥራው በሠለጠነ ባለሙያ ቢከናወን ይመረጣል። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

ሀ. መብራቶችና ሌሎች ዕቃዎች ሁሉ ይጠፋሉ።
ለ. የፓኔሉ ሽቦ ከመቆጣጠሪያው ይነቀላል።
ሐ. ከአሮጌው ባትሪ በመጀመሪያ ኔጋቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ ይፈታል።
መ. አዲሱ ባትሪ ሲገባ በመጀመሪያ ፖዘቲቩ፣ ቀጥሎ ኔጋቲቩ ይታሰራል። ከፖዘቲቩ ራስ አጠገብ ለሽቦው ውፍረት የሚመጥን ፊውዝ መኖሩ ይረጋገጣል።
ሠ. የመቆጣጠሪያው ማስተካከያ ከባትሪው ዓይነት ጋር ይስተካከላል።
ረ. በመጨረሻ ፓኔሉ ይገናኛል። ከባትሪው በፊት ፓኔሉን ማገናኘት አንዳንድ መቆጣጠሪያዎችን ያበላሻል።

አዲሱ ባትሪ ከመብራት በፊት አንድ ሙሉ ፀሐያማ ቀን እንዲሞላ ማድረግ ይመከራል። ክፍት ሊድ አሲድ ባትሪ ሰው በሚተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥና እሳት ባለበት አካባቢ መቀመጥ የለበትም። አሲድ ቆዳን ወይም ዓይንን ከነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥና የባትሪውን ራሶች በክዳን መሸፈን ግዴታ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

8. የአሮጌው ባትሪ አወጋገድ

ሊድ አሲድ ባትሪ እርሳስና አሲድ ይዟል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። አሮጌ ባትሪን ሰብሮ እርሳሱን በቤት ማቅለጥ፣ አሲዱን መሬት ላይ ማፍሰስ ወይም ባትሪውን ገደል ውስጥ መጣል ቤተሰብንና ጎረቤትን ይመርዛል። በጨፋ አካባቢ ይህ ልዩ ትርጉም አለው። የጨፋ ረግረጋማ መሬት በበጋ የአካባቢው አርሶ አደሮችና ከአፋር በኩል የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያሰማሩበትና የሚያጠጡበት ነው። ወደ ውሃው የገባ አሲድና እርሳስ በከብቱ በኩል ወደ ሰው ይመለሳል።

የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝንና አወጋገድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ቁጥጥር ይደረግበታል። አሮጌው ባትሪ ሳይከፈትና ሳይዘቀዘቅ ለአዲሱ ባትሪ ሻጭ ወይም ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ መመለስ አለበት። የሊድ አሲድ ባትሪ እርሳስ ዳግም ጥቅም ላይ ስለሚውል አሮጌው ባትሪ ዋጋ አለው፤ ገዢው ይህ ከአዲሱ ዋጋ ላይ እንዲታሰብለት ሊጠይቅ ይችላል። ያበጠ ወይም የተበሳ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሊቀጣጠል ስለሚችል ከቤት ውጪ፣ ከሚነድ ነገር ርቆ እስኪወሰድ ድረስ መቀመጥ ይኖርበታል።

9. የምክር አገልግሎትና የቅሬታ አቀራረብ

ስለ ሶላር አመራረጥና አጠቃቀም ምክር የሚፈልጉ ተገልጋዮች በየወረዳቸው ወደሚገኘው የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት፣ በዞን ደረጃ ከሚሴ ወደሚገኘው የዘርፉ መምሪያ መቅረብ ይችላሉ። ሲቀርቡ የፓኔሉን ዋት፣ የመቆጣጠሪያውን ዓይነትና በዚህ ገጽ ክፍል 2 መሠረት ያሰሉትን ዕለታዊ ፍጆታ ይዘው ቢሄዱ አገልግሎቱ ይፈጥናል።

የተገዛው ባትሪ ጉድለት ካለበት ወይም የተጻፈበት አቅም ከሌለው፣ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ባትሪው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። በዋስትና የተሰጠ የተሻለ መብት ካለ እርሱም ይጸናል። በዚህም ምክንያት አዲሱን ባትሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በክፍል 1 በተገለጸው መንገድ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ተገልጋዩ ደረሰኙን፣ የዋስትና ወረቀቱንና የልኬት ውጤቱን ይዞ ለወረዳው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

10. ከመግዛት በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች

• ፓኔሉ ታጥቦ፣ ማገናኛዎቹ ተጠርገው፣ ባትሪው ካረፈ በኋላ ተለክቷል?
• የቤቱ ዕለታዊ ፍጆታ ስንት ዋት-ሰዓት ነው? የረመዳንና የክረምት ሁኔታስ ታስቦበታል?
• የሚገዛው ባትሪ ለሶላር የተሠራ ነው ወይስ ሞተር ለማስነሳት?
• ያለው ፓኔል ባትሪውን በጥቂት ቀናት ውስጥ መሙላት ይችላል?
• መቆጣጠሪያው ለአዲሱ ባትሪ ዓይነት ማስተካከያ አለው?
• የተመረተበት ጊዜ፣ ክብደቱና ቮልቱ ታይቷል?
• ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ተሰጥቷል?
• በቤት ውስጥ ጥላና አየር ያለው፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ተዘጋጅቷል?
• አሮጌው ባትሪ ለማን እንደሚመለስ ተወስኗል?

ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ እንኳ ምላሽ ካላገኘ ግዢውን ለሚቀጥለው የገበያ ቀን ማቆየት ይመረጣል። የአንድ ሳምንት ትዕግሥት የዓመታት መብራት ያስገኛል።